የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በአሜሪካ፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በነርስነት የምሠራ እናት ነኝ። የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ኤልሳት የተባለውን ፈተና መውሰድ እፈልጋለሁ። ሕግ ተምሬ አላውቅም፤ እንግሊዝኛም ያደግኩበት ቋንቋ አይደለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ፈተናው የሕግ ዕውቀት ስለማይጠይቅ በዚህ በኩል ከማንም ወደ ኋላ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ በተለምዶ የሎጂክ ጨዋታ ይባል የነበረው ክፍል ቀርቷል። አሁን ውጤት የሚያዝባቸው ሁለት የአመክንዮ ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ሲሆኑ፣ ለሙከራ ብቻ የሚገባ አራተኛ ክፍልም አለ፤ የሙከራው የትኛው እንደሆነ ስለማይነገር አራቱንም በእኩል ትጋት መሥራት ግድ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ይሰጣል፤ ውጤቱም ከ120 እስከ 180 ባለው መለኪያ ይገለጻል።

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ያወቅን ሰዎች የምንሰናከለው በከባዱ ቃል ሳይሆን «ብቻ»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «አንዳንድ» የሚል ትርጉም ባላቸው ትንንሽ ቃላት ነው ብዬ አምናለሁ። «ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከረው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ብቻ ነው» ሲባል፣ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሁሉ ፍርድ ቤት ይቆማል ማለት አይደለም። በአማርኛ ሲነገረን ይህን የሚስት ሰው ጥቂት ነው፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሰዓቱ ሲገፋን ግን ብዙዎቻችን እንስታለን። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰዓት ሳይይዙ፣ የእያንዳንዱን ጥያቄ ሙግት በራስዎ አማርኛ «ሰውየው እንድቀበለው የሚፈልገው ምንድን ነው? ያቀረበውስ ምክንያት የቱ ነው?» እያሉ ይናገሩት። ሐሳቡን መያዝ ከለመዱ በኋላ ወደ አማርኛ መመለሱን ይተዉት፤ በፈተናው ዕለት ለዚያ የሚበቃ ጊዜ የለም። በነገራችን ላይ፣ በድሮው «በላ ልበልሃ» ችሎት የሚያስመሰግነው ቃሉን አሳምሮ መርታት ነበር፤ እዚህ የሚፈለገው ግን ያማረውን ንግግር ገፎ ክፍተቱን ማየት ነው።

የሌሊት ተረኛ ከሆኑ በቀን አንድ ሰዓት ሳያቋርጡ ማጥናት በዕረፍት ቀን ስድስት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ተቋም ላውሀብ በተሰኘው ድረ ገጹ የተወሰኑ ያለፉ ፈተናዎችን በነጻ ያቀርባል፤ አቅም ለሌላቸውም ክፍያውን የሚያስቀር ማመልከቻ አለው። ከሁሉ በላይ ግን ደብተር ይያዙ፤ ለተሳሳቱት ጥያቄ ሁሉ የተሳሳተው ምርጫ ለምን እንደሳበዎት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። ከወር በኋላ ያው ስሕተት በሌላ ልብስ እየተመላለሰ መምጣቱን ያያሉ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ እዚህ ታክሲ እነዳለሁ። እኔም ኤልሳት መፈተን አለብኝ?

መልስ፦ ይህ ጠበቃ መሆን በሚፈልጉበት ግዛት ይወሰናል። የአንድ ዓመቱን የሕግ ማስተርስ ለመማር ኤልሳት በአብዛኛው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ ነው። ኒውዮርክ በውጭ አገር ሕግ ለተማሩ ሰዎች፣ ማስረጃቸው ተመርምሮ መስፈርቱን ካሟላ፣ ይህን ማስተርስ ጨምረው ለጥብቅና ፈተና እንዲቀመጡ ትፈቅዳለች፤ ሁሉም ግዛት ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ አንድም ዶላር ሳይከፍሉ የሚሠሩበትን ግዛት ደንብ ያንብቡ። ጄዲ የተባለውን የሦስት ዓመት የሕግ ዲግሪ ከመረጡ በአብዛኛው ኤልሳቱ ይከተላል፤ የትምህርት ማስረጃዎም ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ ስላለበት ጥናቱን ሳይጨርሱ ያስጀምሩት። ከባሕር ማዶ ወረቀት ማስላክ ምን ያህል እንደሚጓተት ለእርስዎ አልነግርም።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴም 149 አገኘሁ። ሦስተኛ ልሞክር? ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎችስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ዘመን ደግሞ እስከ ሰባት ጊዜ መፈተን ይፈቀዳል። ትምህርት ቤቶች ያለፉ ውጤቶችን ሁሉ የሚያዩ ቢሆንም ለብዙዎቹ ትልቁ ክብደት ያለው ከፍተኛው ነው። ነገር ግን በቤትዎ በሰዓት የሠሯቸው የቅርብ ልምምዶች ከ149 ከፍ ካላሉ፣ ሦስተኛው ፈተና ገንዘብዎንም ዕድልዎንም ይበላል፤ ቀኑን ያራዝሙ። ያልደረሱበትን በተመለከተ፣ ለስሕተት ነጥብ አይቀነስምና ሰዓቱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የቀረውን ሁሉ በአንድ ፊደል ሞልተው ይውጡ።