ቻርቱ ዝም ሲል፦ ትከሻ ጡንቻ ውስጥ ስለሚበቅል አጥንት
በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለሕክምና ኮዲንግ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ሌሊት ሺፍት የምትሮጡም አላችሁ። ስለዚህ ዳር ዳር ሳልል ወደ ነገሬ ልግባ።

ርዕሴ ጠባብ ነው። ትከሻ ጡንቻ ውስጥ አጥንት ሲበቅል ምን ብለን ኮድ እናደርገዋለን፣ ማለትም በየትኛው የበሽታ መለያ ቁጥር እንመዘግበዋለን? «ይኼ ደግሞ ስንት ጊዜ ያጋጥማል?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙም አያጋጥም። ግን ኮደሩ ቻርቱን፣ የታካሚውን መዝገብ፣ አንብቦታል ወይስ ቃል ከቃል እያዛመደ ነው የሚለውን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ኬዝ አላውቅም።

መጀመሪያ በሽታውን እንየው። ሰውዬው ትከሻውን ክፉኛ ይመታል። ኳስ ሲጫወት ይሁን ከመሰላል ወድቆ። ጡንቻው ውስጥ ደም ይቋጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ተመጥጦ ነገሩ በዚያው ያልፋል። አንዳንዴ ግን ሰውነት ሲጠግን መስመር ይስትና ጡንቻው መሐል የምር አጥንት ይሠራል። ማዮሳይቲስ ኦሲፊካንስ የሚባለው ይኼ ነው። ድሮ በወታደሮች ትከሻ ላይ ይታይ ነበር፤ ጠመንጃው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ስለሚመታቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ቆይቶ ዳር ዳሩ ቀድሞ ወደ አጥንት ይለወጣል፣ መሐሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ይኼ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ነገሩ ጅምሩ ላይ ካንሰር ሊመስል ይችላልና።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ። አሜሪካ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የምትሠራበት የበሽታ ኮዶች ዝርዝር፣ አይሲዲ-10-ሲኤም፣ ይህን ሁሉ ኤም 61 በሚባለው ምድብ ሥር አስቀምጦታል። ግን «አጥንት በቀለ» ስላላችሁት ኮድ አይሰጣችሁም። ምክንያቱን ይጠይቃችኋል። ከምት የመጣ ከሆነ ትከሻው ኤም 61.01 ነው። ሽባነትን ተከትሎ ከሆነ ኤም 61.21። ቃጠሎን ተከትሎ ከሆነ ኤም 61.31። መጨረሻ ላይ ጎኑ ይገባል፦ 1 ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 9 ያልተገለጸ። የቀኝ ትከሻ፣ ከምት የመጣ፦ ኤም 61.011። አለቀ።

የሚያስቸግረው ቻርቱ ሲመጣ ነው። እንዲህ ይላል እንበል፦ «ቀኝ ዴልቶይድ ውስጥ አጥንት ታይቷል፤ እብጠቱ እየጨመረ ነው።» በቃ፣ ሌላ የለም። ዴልቶይድ ትከሻን የሚሸፍነው ጡንቻ ነው። ነርሷ መቀበያው ገጽ ላይ «ከሦስት ወር በፊት ደረጃ ላይ ወድቋል» ብላ ጽፋለች። እጃችሁ ወዲያው ወደ ኤም 61.011 ይሄዳል። ቆይ! መውደቁን ከአጥንቱ ጋር ያገናኘው ማነው? ሐኪሙ አላገናኘውም። ነርሷም አላገናኘችውም። ያገናኛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ለዚያ ደግሞ ፈቃድ የለንም። ጎኑን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ቢረሳው እንኳ ከነርሷ ማስታወሻ እንድንወስድ መመሪያው ይፈቅዳል። ምክንያቱን ግን አይፈቅድም።

ዴልቶይድ ራሱ ሌላ ወጥመድ አለው። ጡንቻው ከትከሻ ተነስቶ ክንድ አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው። ለላይኛው ክንድ የተለየ ኮድ አለ፤ ኤም 61.02። አጥንቱ የበቀለው የትኛው ጫፍ ላይ ነው? ይኼም ይጠየቃል።

ለሐኪሙ በጽሑፍ የምንልከው ጥያቄ ክዌሪ ይባላል። እንዴት ነው የሚጠየቀው? «ዶክተር፣ ይኼ ከመውደቁ የመጣ ነው አይደል?» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ይኼ መልሱን አፉ ላይ ማጉረስ ነው። ቻርቱ ላይ ያለውን አስቀምጡ፦ የራጁን ውጤት፣ የመውደቁን ታሪክ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው። ከዚያ «የዚህ አጥንት መንስኤ በእርስዎ ሕክምናዊ ግምገማ ምንድን ነው?» ብላችሁ አማራጮችን ስጡ። «ሌላ» እና «መወሰን አይቻልም» የሚሉትም ይግቡ። ስለ ክፍያ አንዲት ቃል አትተንፍሱ። ኢንሹራንሱ ክሌሙን፣ የክፍያ ጥያቄውን፣ ቢመልሰው ያ ሌላ ጣጣ ነው፤ ክዌሪው ውስጥ ቦታ የለውም።

ክሊኒክ ታክሞ ለሚሄድ ሰው «ሳይሆን አይቀርም» ወይም «ይጠረጠራል» ተብሎ የተጻፈ በሽታ ኮድ አይደረግም። በምትኩ የቀኝ ትከሻ ሕመሙን፣ ኤም 25.511ን፣ ትይዛላችሁ። ጅማት ላይ ካልሲየም ተጠራቅሞ የሚያሳምመውም የተለየ ነገር ነው፤ እሱ አጥንት አይደለም፣ ቦታውም ኤም 75.3 ነው። ይህን ከበፊቱ ትምህርት ስለምታውቁት አልደግመውም።

ልቆይበት የምፈልገው ሌላ ነው። «እብጠቱ እየጨመረ ነው» የሚለውን አስታወሳችሁ? ኮምፒውተሩ ላይ ማዮሳይቲስ ኦሲፊካንስ ብላችሁ ስትፈልጉ «ፕሮግረሲቫ»፣ ማለትም እየጨመረ የሚሄድ፣ የሚል ይመጣላችኋል። «እየጨመረ አይደል እንዴ?» ብሎ ኤም 61.111ን መጫን በጣም ቀላል ነው። ያ ግን ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው። ከሚሊዮን ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ፣ የዘር ለውጥ የሚያመጣው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤሲቪአር1 የተባለውን ጂን ለይተው ያወጡት በ2006 ነው። ልጆቹ ሲወለዱ የእግራቸው አውራ ጣት አጭርና ጠማማ ይሆናል። ከዚያ ከአንገት፣ ከጀርባና ከትከሻ ይጀምርና ጡንቻና ጅማታቸው ቀስ በቀስ አጥንት ይሆናል። ናሙና ልውሰድ ብሎ መቁረጥ ያባብሰዋል። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ እንኳ አዲስ አጥንት ሊያስነሳ ይችላል። ፊላደልፊያ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ሙተር የተባለው የሕክምና ሙዚየም ሄዳችሁ ይህ በሽታ የነበረበትን የሃሪ ኢስትላክን አጽም እዩ። በ1973 በአርባ ዓመቱ ገደማ ሲሞት ገላውን ለሳይንስ ሰጥቷል። አጥንቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው አጽሙ ያለ ብዙ ድጋፍ ይቆማል።

እስቲ አስቡት። በመውደቅ ትከሻው ያበጠ ሰው መዝገብ ላይ ይህ የፕሮግረሲቫ ኮድ ገባ። ቀጣዩ ሐኪም መርፌ ለመውጋት ይፈራል። ቤተሰቡም «የዘር ነው» ተብሎ ይጨነቃል። ወይም የተገላቢጦሽ፦ በሽታው የምር ያለበት ልጅ «ከምት ነው» ተብሎ ተመዘገበና አንዱ ቢላ ይዞ ቀረበ። ኮዱ የሚለያየው በአንዲት አኃዝ ነው። 0 እና 1።

አሁን ወረቀቶቹን አድላለሁ። ሦስት ቻርቶች ናቸው። ሁለተኛው ላይ ሐኪሙ ጎኑን አልጻፈም፣ ነርሷ ግን ጽፋለች። ሦስተኛው ላይ ራጁ ግራ ይላል፣ ማስታወሻው ቀኝ። ለመጀመሪያው ኮድ አትስጡት፤ ክዌሪውን ብቻ ጻፉልኝና ጮክ ብለን እናነበዋለን።