ሁለተኛው ቁጥር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ካለው ቤቴ፣ ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከበስተኋላ የሚንጠባጠብ ነገር ከሰማችሁ ዝናቡ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ቤቴ መጥቶ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱን ካገኘ ገና ሦስት ወሩ ነው። ሻይ እየጠጣን ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ስናወራ ቆየንና ድንገት "እህቴ፣ እኛ እዚህ አገር መምረጥ እንችላለን እንዴ?" አለኝ። እንችላለን አልኩት። አላመነኝም። እኔም ቁጭ ብዬ የ2022ቱን የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ ምክር ቤት፣ ምርጫ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራሁለት። ከሄደ በኋላም ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ስለዚህ ለእናንተም ላውራላችሁ።

ጠቅላይ ሚኒስትር የሚወጣበት ምርጫ አይደለም። ቆሻሻው በስንት ቀን ይነሳ፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ መቼ ይጠገን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት ይዘጋ፣ ካውንስል ታክሱ ስንት ይሁን፤ እነዚህን የሚወስኑ ሰዎች የሚመረጡበት ነው። ለእኔ ግን ትልቅ ነበር።

ለምን መሰላችሁ? ከዚያ በፊት ለእኛ አይፈቀድም ነበር። ኬንያዊቷና ናይጄሪያዊው ጎረቤቶቼ ድሮም ይመርጡ ነበር፤ አገሮቻቸው የኮመንዌልዝ አባል ናቸው። እኛ አይደለንም። እንግሊዝ ቅኝ ገዝታን አታውቅማ። አንድ ፎቅ ላይ እየኖርን፣ አንድ ዓይነት ካውንስል ታክስ እየከፈልን፣ እነሱ የምርጫ ካርድ ይደርሳቸዋል፣ ለእኔ አይደርሰኝም። የስኮትላንድ ፓርላማ በ2020 ሕጉን አሻሻለና በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ሁሉ፣ ወረቀት ያገኘ ስደተኛም ጭምር፣ ለካውንስሉም ለስኮትላንድ ፓርላማም መምረጥ ቻለ። ከ16 ዓመት ጀምሮ። ለለንደኑ ፓርላማ ግን የብሪታንያ፣ የአየርላንድ ወይም የኮመንዌልዝ አገር ዜግነት ይጠይቃል። ገና ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ወገኖቻችን ደግሞ በሁለቱም የሉበትም። ይሄ ያመኛል፣ ምክንያቱም ያንን ጥበቃ አውቀዋለሁ።

የምርጫው ቀን ሐሙስ ነበር፣ በፈረንጆቹ ሜይ 5። በእኛ ሚያዝያ 27። የአርበኞች ቀን! እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ጠዋት እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። አራት ኪሎ አደባባዩ ላይ የሚደረገውን ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን እያየች ነው። "ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ። "ልመርጥ ልሄድ ነው" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ስንት ዓመትሽ?" አለች። ዕድሜዬ ጠፍቷት አይደለም። ከመረጥሽ ስንት ዓመትሽ ማለቷ ነው።

አሥራ ሰባት። ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥኩት በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 7 ቀን 1997 ነው። እሑድ ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከእናቴ ጋር ወጥተን ሰልፍ ያዝን። እሷ ጋቢዋን ተከናንባ በርጩማ ይዛ ነበር። ሰልፉ ዙሮ ዙሮ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ሰው ግን አይነጫነጭም፤ ወረፋ ጠባቂው ለማያውቀው ሰው ዳቦ ይቆርስ ነበር። ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ ተባለ። ያ ምክር ቤት ግን በተመረጡት ሰዎች ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጌ አላውቅም።

እና ግላስጎው። ምርጫ ጣቢያው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የልጆች ስፖርት አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ መወጣጫ መሰላል፣ ወለሉ ላይ ባለ ቀለም መስመር። ሰልፍ የለም! እኔ ስገባ ውስጥ ሁለት ሰው ነው ያለው። መታወቂያ አልተጠየቅኩም። ስሜንና አድራሻዬን ነገርኳት፤ ሴትየዋ በማስመሪያ ስሜ ላይ መስመር አሰመረችና ወረቀት ሰጠችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ "መስቀል ምልክት እንዳታደርጊ፣ ቁጥር ነው" አለችኝ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ።

አንድ ወረዳ አንድ ሰው አይደለም የሚልከው። ግላስጎው 23 ወረዳ አላት፣ እያንዳንዱ ሦስት ወይም አራት ሰው ይልካል፣ ድምሩ 85። አንቺ ከሁሉም አብልጠሽ የምትፈልጊው ሰው አጠገብ 1 ትጽፊያለሽ። እሱ ካልሆነ ማን ይሁንልኝ የምትይው አጠገብ 2። ከዚያ 3፣ እስከፈለግሽበት ድረስ። ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ድምፅ በስሌት ይወጣል። በወረዳው 5,000 ትክክለኛ ድምፅ ተሰጠ፣ ወንበሩ አራት ነው እንበል። 5,000ን ለአምስት ታካፍላላችሁ፣ አንድ ትጨምራላችሁ፤ 1,001። እዚህ የደረሰ ገባ። የተረፈው ድምፅ ተሸራርፎ ወደ ሁለተኛ ምርጫዎች ይሄዳል። ዝቅተኛው ተወዳዳሪ ደግሞ ይወጣና የመረጡት ሰዎች ወረቀት እንዳለ ወደ ሁለተኛ ቁጥራቸው ይተላለፋል። ወንበሩ እስኪሞላ እንዲህ ይቀጥላል። ስኮትላንድ ይህን ለካውንስል የጀመረችው በ2007 ነው።

በገመድ የታሰረችውን እርሳስ ይዤ አንደኛዬን ወዲያው ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ ብዙ ቆምኩ። በሕይወቴ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ወረቀት አልነበረም። እኔ ያደግኩበት ምርጫ ወይ ከእነዚህ ነሽ ወይ ከእነዚያ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት የተኳረፈበት ነው። ይሄኛው ግን የራስሽ ወገን ባይሳካለት ከሌሎቹ ማን ጋ መኖር ትችያለሽ ይላል። የሌሎቹን በራሪ ወረቀቶች በልቤ መለስኳቸው። አንዷ በራችንን አንኳኩታ ስለ ጀርባው መንገድ መብራት ጠይቃኝ ነበር። ፓርቲዋን አልወደውም። 2 ጻፍኩላት።

ስወጣ ደረጃው ላይ ከታች ፎቅ ያለችውን ጎረቤቴን አገኘኋት። ሰማንያውን ያለፈች ስኮትላንዳዊት ናት፣ "ሄን" እያለች ነው የምትጠራኝ። እንደኛ "እታለም" በሉት። የካውንስል ነገር ከእሷ ጋ ይገኛል። በ1975 ሥራ የጀመረውን የድሮውን ዲስትሪክት ካውንስል ታስታውሳለች። ያኔ ከበላዩ ስትራዝክላይድ የሚባል ሪጅን ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የሪጅኑ፣ ቆሻሻው የዲስትሪክቱ። በ1977 የዲስትሪክት ምርጫ ሌበር፣ የሠራተኞቹ ፓርቲ፣ ግላስጎው ላይ ብልጫውን ሲያጣ የነበረውን ግርግር አውርታልኛለች። በ1996 ሁለቱም ቀሩና አገሪቱ በ32 ካውንስል ተከፈለች። ሌበር ከ1980 እስከ 2017 ይቺን ከተማ ሳይለቅ መርቷል፤ በ2017 ኤስ ኤን ፒ፣ የስኮትላንድ ብሔርተኞቹ ፓርቲ፣ ወሰደበት። "ዛሬ ይቀራረባሉ" አለችኝ ሴትየዋ።

ዓርብ ዕለት ቆጠራው ኤምሬትስ አሬና ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ማሽን ነው የሚያነበው፤ ያልገባውን ብቻ ሰው በስክሪን ላይ እያየ ይወስናል። እኔ ሥራ ቦታ ስልኬን ደብቄ አያለሁ። የወረዳችን ውጤት በዙር በዙር ተዘርዝሮ ወጣ። አንደኛዬ በመሀል ወደቀ። ልቤ ደነገጠ፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ ዓይኔን ወደ ቀጣዩ ዓምድ አሻገርኩ። የእሱ ድምፆች ለማን ስንት ስንት እንደሄዱ ተጽፏል። ያቺ መብራቱን የጠየቀችኝ ሴት ስም አጠገብ ካለው ቁጥር ውስጥ አንዷ የእኔ ናት። ሳይሸራረፍ፣ ሙሉ ድምፅ። ሁለት ዙር ቆይቶ የመጨረሻውን ወንበር እሷ አገኘች።

ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከተማዋ ምን ሆነች? ኤስ ኤን ፒ 37፣ ሌበር 36። በአንድ ወንበር! ግሪን 10፣ ኮንሰርቫቲቭ 2። ከ85 ግማሹን ለማለፍ 43 ያስፈልጋል፤ ማንም አልደረሰም። ኤስ ኤን ፒ በአነስተኛ ቁጥሩ ማስተዳደሩን ቀጠለ፤ በጀት ለማጽደቅ የሌላውን ድጋፍ መፈለግ አለበት። በመላው ስኮትላንድ ከ1,226 ወንበር ኤስ ኤን ፒ 453፣ ሌበር 282፣ ኮንሰርቫቲቭ 214 አገኙ። ኮንሰርቫቲቭ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ወረደ። አንድ ፓርቲ ብቻውን ከግማሽ በላይ የያዘው ዳንዲ ላይ ኤስ ኤን ፒ፣ ምዕራብ ደንባርተንሺር ላይ ሌበር፣ በቃ። ኦርክኒና ሼትላንድን በመሳሰሉት ደሴቶች የፓርቲ ስም የሌላቸው ግለሰቦች ይበዛሉ፤ እዚያ ሰው የሚመርጠው የሚያውቀውን ሰው ነው።

በግሬተር ፖሎክ ወረዳ ደግሞ ሮዛ ሳሊህ አሸነፈች። ኩርድ ናት፣ በልጅነቷ በስደት ነው ግላስጎው የመጣችው። በ2005 ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ሆና፣ ጓደኛቸው ከነቤተሰቧ በኢሚግሬሽን ስትያዝባቸው ከተማውን ያንቀሳቀሰች ልጅ ናት። ስሟን ሳነብ ያ የመረጥኩበት ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ፣ ያቺ እርሳስ ትዝ አለችኝ።

የሚያናድደኝ ግን አለ። ከመራጩ 45 በመቶ እንኳን አልወጣም። ከግማሽ በላይ ቤቱ ቀረ። ጣቢያው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አራት ሰዓት ክፍት ነው፣ ሰልፍ የለም፣ መታወቂያ የለም። እናቴን በበርጩማዋ ላይ አስቤ ተናደድኩ። እኛም ውስጥ ብዙ ሰው ነበር ያልተመዘገበ። "ምን ይለውጣል?" ይሉኛል። በአንድ ወንበር የተለያየ ምክር ቤት ነው እኮ!

ቀጣዩ የካውንስል ምርጫ ሜይ 2027 ነው። ለዚህ ነው ያን ልጅ ሻዩን ሳይጨርስ ስልኩን አውጣ ያልኩት። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር። ዜግነት የሚለው ጋ ደርሶ ጣቱ ቆመች። ብሪቲሽ፣ አይሪሽ፣ ሌላ ይላል። ቀና ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ እዚህ ጋ ኢትዮጵያ ብዬ ልጻፍ? ችግር የለውም?"

"ጻፍ" አልኩት።