ያ እብጠት እንዴት በረደ?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። ቆሮሶ የሚበልቱ እጆች በቅርበት]

ቆሮሶ ስትበልቱ የጀርባው እሾህ ወግቷችሁ ያውቃል? ዓሣ የሚያወጡት ልጆች አሳምረው ያውቁታል። መጀመሪያ ጠብ የምትል ደም ናት። ማታ ላይ ጣቱ ይቀላል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል፤ በማግስቱ ቀለበት አያስገባም። ቁስሉ ካላመረቀዘ ደግሞ በቀናት ውስጥ እብጠቱ ይሟሽሻል። ለምን አበጠ ብሎ የሚጠይቅ ሞልቷል። ማን አበረደው የሚል ግን የለም፤ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ሥራው በከፊል የአንድ ዘረመል ነው። ስሙ ቲኤንኤፍኤአይፒ3። ምላስ ያስራል አይደል? እንግዲያው በፕሮቲኑ ስም ኤ20 እንበለው። ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ነው ያለው፤ የታወቀውም በ1990 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

[ምስል፦ የሴል ሥዕል]

እሾኹ ሲወጋ አካባቢው ያሉ የመከላከያ ሴሎች ቲኤንኤፍ የሚባል መልእክተኛ ይለቃሉ። እሱ ጎረቤት ሴል ላይ ሲያርፍ፣ ከሽፋኑ ሥር ባለው ሪፕ1 በተባለ ፕሮቲን ላይ ዩቢኩዊቲን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች እየተያያዙ ሰንሰለት ይሠራሉ፣ ሰንሰለቱ ላይ ሌሎች ይሰበሰባሉ፣ መጨረሻ ላይ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለ ፕሮቲን ከታሰረበት ተፈትቶ ዘረመሎቹ ያሉበት የሴሉ እምብርት፣ ኒውክለስ ውስጥ ይገባና የብግነት፣ ማለትም ያንን መቅላት፣ መጋልና ማበጥ የሚያመጡ ዘረመሎችን ያስነሳል።

አሁን ልብ በሉ። ከሚያስነሳቸው አንዱ ራሱ የኤ20 ዘረመል ነው! እሳት ሲለኩስ ባልዲ ውኃ አጠገቡ እንደሚያስቀምጥ ሰው በሉት።

ኤ20 እንደተመረተ ሰንሰለቱን ከሪፕ1 ላይ ይቆርጥና ሌላ ዓይነት ሰንሰለት ይለጥፍበታል፤ ያኛው ሪፕ1ን እንዲፈጭ ይልከዋል። ይህ በ2004 ታየ። መቁረጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ ታዲያ። በኋላ መቁረጫው ክፍል ብቻ የተበላሸባቸው አይጦች ሲጠኑ ያን ያህል አልታመሙም። ሰንሰለቱን ጨብጦ ሌላው እንዳይጠጋ መከልከሉም ትልቅ ሥራ ነው ማለት ነው።

ጭራሽ ከሌለስ? በ2000 ዘረመሉ የተወገደባቸው አይጦች ይፋ ሆኑ። ያለ ምንም ቁስል ጉበታቸው፣ ኩላሊታቸው፣ መገጣጠሚያቸው በብግነት ተጎዳ፤ ከሱ፣ ገና በጨቅላነታቸው ሞቱ። ሌላውን አይጥ የማይገድል ትንሽ ቲኤንኤፍ እነሱን ይገድላቸው ነበር።

ሰው ላይ ነገሩ ይለያል። ከእናትም ከአባትም አንዳንድ ቅጂ አለን። በ2016 የተገለጸው ሕመም አንዱ ቅጂ ብቻ ሲበላሽ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምራል። አፍ ደጋግሞ ይቆስላል፣ ብልት አካባቢም እንዲሁ፣ ትኩሳት ይመላለሳል፣ አንዳንዱን አንጀቱን ያመዋል። ቤሼት ከሚባለው በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪም ቢያምታታው አይገርምም። ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሕክምናው ሰው በሰው ይለያያል፦ ኮልቺሲን የሚባለው ብግነት ማብረጃ መድኃኒት የሚበቃው አለ፣ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መርፌ የሚያስፈልገውም አለ።