ርካሽ የኪስ ካሜራ ጣና ዳር ሲፈተን፦ ሶኒ ደብሊው 830

[ምስል፦ ጠዋት፣ ባሕር ዳር፣ የሐይቁ ዳርቻ። ካሜራዋ በእጅ ላይ።]

ሰላም ወዳጆች! ዛሬ የምናያት ሶኒ ሳይበርሾት ደብሊው 830ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣች፣ ከነባትሪዋ 120 ግራም ገደማ የምትመዝን የኪስ ካሜራ ናት። አዲስ ሞዴል አይደለችም። ያገለገለች ካገኛችሁ ግን ዋጋዋ ከጥሩ ስልክ በብዙ ያንሳል።

“ስልክ እያለኝ ካሜራ ምን ያደርግልኛል?” ትሉ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው፦ ዙም።

[ምስል፦ ከዳር ሆኖ የተነሳ ታንኳ። መጀመሪያ ያለ ዙም፣ ቀጥሎ በሙሉ ዙም።]

እዩት። መጀመሪያ ታንኳዋ ውሃው ላይ ያለች ነጥብ ነበረች። አሁን የቀዛፊው እጅ፣ የታሰረው ደንገል ሳይቀር ይታያል። ሌንሷ 8 እጥፍ ያቀርባል። ይህን የሚያደርገው ራሱ ሌንሱ ነው፣ ወደፊት እየወጣ። ብዙ ርካሽ ስልኮች ግን ያነሱትን ፎቶ ቆርጠው ነው የሚያሳድጉት፤ ለዚያ ነው ብዥ የሚለው። ካሜራዋም ውስጥ እንደዚያው ቆርጦ የሚያሳድግ “ዲጂታል ዙም” አለ። አጥፉት።

ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ለማንሳት ይህ ዙም ትልቅ ነገር ነው። ባለ ጀልባውን “ጠጋ በልልኝ” እንዳትሉት፤ ጉማሬ አደገኛ ነው። ከሩቅ አንሱ። ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ ክርናችሁን የጀልባው ጠርዝ ላይ አታስደግፉ፣ ንዝረቱ ወደ ካሜራው ይሄዳል። ካሜራዋ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ነገር ውስጧ አላት። የሚንቀሳቀስ ጀልባን ግን አትችለውም።

ሻጮች የሚያሞግሱት 20 ሜጋፒክስሏን ነው፤ ፎቶው ከ20 ሚሊዮን ነጥብ ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ብዙ አትደነቁ። 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ በጥራት ለማሳተም 2 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ለኤ4 ወረቀት እንኳ 9 ገደማ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ደግሞ 6 ሚሊሜትር በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 20 ሚሊዮን ነጥብ እዚያች ላይ ሲጨናነቅ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ትንሽ ነው።

[ምስል፦ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከውጭ።]

ይህ ጉዳት የሚታየው ጨለም ያለ ቦታ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሥዕሎቹ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ውስጡ ብርሃን ያንሰዋል። እዚያ ውስጥ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ዙም ስታደርጉ ይብስበታል፤ በሙሉ ዙም ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ዙሙን ተዉትና በእግራችሁ ጠጋ በሉ። ምሰሶ ተደገፉ፣ ካሜራውን ሁለት ሴኮንድ ቆጥሮ እንዲያነሳ አድርጉት። መጀመሪያ ግን አባቶችን አስፈቅዱ፣ ፍላሹንም አጥፉ። እነዚያ ሥዕሎች ስንት ትውልድ ተሻግረው የደረሱን ናቸው፤ ከማንም ፎቶ ይበልጣሉ።

ሐይቁ ዳር ችግሩ ይገለበጣል። ውሃው ያበራል፣ ካሜራዋ ያንን አይታ ፎቶውን ታጨልመዋለች፣ የወዳጃችሁ ፊት ይጠቁራል። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰውም እንዲሁ፤ ነጩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። “ፕሮግራም” የሚለውን ምረጡና ኢቪ (EV) የሚባለውን፣ ፎቶውን የሚያደምቀውን ወይም የሚያጨልመውን ማስተካከያ፣ ወደ +1 ከፍ አድርጉት። በዓይን የሚታይባት ቀዳዳ ስለሌላት ቀትር ላይ ስክሪኗን ማየት ያስቸግራል። ጥላ ፈልጉ።

የቪዲዮዋ ጥራት ዝቅ ያለ ነው፣ 720ፒ ብቻ፤ ለቪዲዮ ስልካችሁ ይሻላል። ዋይፋይም የላትም፤ ፎቶዎቹን ወደ ስልክ ለማዛወር ሚሞሪ ካርዱን የሚያነብ ካርድ ሪደር ይጠቅማችኋል።

[ምስል፦ ሱቅ በር ላይ፣ ካሜራዋ ስትፈተሽ።]

ያገለገለች ከሆነች ብር ከመክፈላችሁ በፊት ከሱቁ ውጡ። ዙሙን ደጋግማችሁ አስወጡ፣ አስገቡ። ድምፁ የሚንገጫገጭ ከሆነ አሸዋ ገብቶበት ይሆናል። ከዚያ ፀሐይ ከሌለበት በኩል ሰማዩን በሙሉ ዙም አንሱ። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አሳድጋችሁ ጥግ ጥጉን እዩ። ሌንሱን ጠርጋችሁም ቦታው የማይቀየር ጥቁር ነጥብ ካለ አቧራው ውስጥ ነው፣ በጨርቅ አይወጣም። ባትሪውን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙት፤ ካበጠ ወይም ከተወዛወዘ አዲስ ባትሪ መግዣውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ሻጩ ውጭ አውጥታችሁ እንድትሞክሩ ካልፈቀደ፣ ካሜራዋን መልሱለትና ሌላ ሱቅ ሂዱ።