ፓይዋ ብትቆም ማን ይጠይቃል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከባሕር ዳር ነኝ፣ ዛሬም ብቻዬን። ከኋላ የባጃጅ ጡሩምባ ከሰማችሁ ታገሱኝ፤ በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቼ መቅረጽ አልችልም።

ዛሬ ስለ ራስፕቤሪ ፓይ ላውራ። መዳፍ ላይ የምታርፍ ኮምፒውተር ናት። በፈረንጆቹ 2012 እንግሊዝ አገር ስትወጣ ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር፤ ሐሳቡም ልጆች ኮድ እንዲለምዱባት ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው ተለምኖ ነው የምትገኘው። እጅ ከገባች በኋላ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፤ ምን ልሥራባት?

ከፓይዋ ከጀመራችሁ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ነው የምትሠሩት። የድሮ ጌም ማጫወቻ፣ የአየር ሁኔታ የሚያሳይ መስታወት። መስታወቱ ያምራል፣ አልክድም። ግን በረንዳ ወጥቼ ጣና ላይ ደመናውን ማየት እየቻልኩ ምን ያደርግልኛል? የኔ መለኪያ ይህች ናት፤ የሠራሁት ነገር ዛሬ ቢቆም ከቤት ሰው "ምን ሆነ?" የሚል አለ ወይ? ከሌለ መጫወቻ ነው። መጫወቻም ክፉ አይደለም፣ ግን ይጠቅማል ብለን አንሸወድ።

እኛ ግቢ የሚያስጠይቀው ሮቶው ነው። ውሃ ሲመጣ ሌሊት ነው፣ ሲጠፋ ደግሞ ሳይነግር። እማዬ ስንት እንደቀረ የምታውቀው ሮቶውን በእንጨት እየኳኳች ነበር። ለዚህ ድምፅ ልኮ ከውሃው ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚለካ ሴንሰር አለ። ሁለት ዓይን ያለውን ርካሹን አትግዙ፣ እርጥበቱ ይገድለዋል። ውሃ የማይገባውን ግዙ፤ እሱ ደግሞ ከ20 ሴንቲ ሜትር የቀረበውን በትክክል አይለካም፣ ስለዚህ ወይ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት ወይ የላይኛውን ክፍል ሞልቷል ብላችሁ እለፉት። ሌላው፣ የፓይ ፒኖች፣ ማለትም ሽቦ የሚሰካባቸው እግሮቿ፣ የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚመልስ ሴንሰር በሁለት ሬዚስተር ዝቅ ሳታደርጉ ካገናኛችሁ ፒኑን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

እውነቱን ለመናገር ለሮቶ ብቻ ከሆነ ፓይም ትበዛለች። በ2021 የወጣችው ፒኮ፣ የፓይ ታናሽ እህት የሆነች ትንሽ ሰሌዳ፣ 4 ዶላር ነበረች፣ ዋይፋይ ያላት ደግሞ 6። መብራት ቢሄድ ቢመጣ ግድ የላትም፤ መብራቱ ሲመለስ ወዲያው ሥራዋን ትቀጥላለች።

ፓይ ግን መብራት ትፈራለች። ሚሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈች ድንገት ከጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ካርዱን ለማንበብ ብቻ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እኛ አገር ላለ ሰው ግዴታ ነው እላለሁ። ሰዓትም አለ። ከፓይ 5 በፊት ያሉት ጠፍተው ሲነሱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚጠይቁት፤ ኢንተርኔት ከሌለ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቁም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ፓምፕ አስነሺ ያላችኋት ማሽን በጠራራ ፀሐይ ልታስነሳላችሁ ነው። (9 ያልኩት በኛ አቆጣጠር ነው፣ ኮዱ ላይ 3 ብላችሁ ጻፉ።)

ለፓይ የሚገባት ሥራ ኪዊክስ ነው፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም። ሙሉውን እንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ፣ ከነፎቶው 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው፣ ካርድ ላይ ትጭናላችሁ፤ ፓይዋ በራሷ ዋይፋይ ታድላለች፣ የጎረቤት ልጆች ያለ ዳታ ያነባሉ። እሷ ስትቆም በር ይንኳኳል።

እምቦጭ በካሜራ ልቁጠር ያላችሁኝም አላችሁ። ደስ ይላል፣ ግን ሐይቁ ዳር ማን ይጠብቃታል? እሱን ለዩኒቨርሲቲ ልጆች ተዉት።

ወደ ሮቶው ስመለስ፣ አፕ አልሠራሁም። እማዬ ልብስ ልትዘፈዝፍ ስትል ስልክ ከፍታ ግራፍ አታይም። ማድቤት በር ላይ ሦስት መብራት አለ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀይ ከሆነ ልብስ አይታጠብም። ቢጫው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ እኔ ሩብ ሲቀር ይብራ እላለሁ፣ እሷ ግማሽ ላይ ትላለች። ለጊዜው ግማሽ ላይ ነው።