ኮምፒውተር የፈረስ ውድድር ሲገምት

እንደምን አመሻችሁ። ባሕር ዳር መጥቶ ስለ ኮምፒውተር ማውራት ደስ ይላል። ጣና ዳር ቆሞ ስለ ውርርድ ማውራት ግን ትንሽ ያሳፍራል። አዘጋጆቹ ርዕሱን ሲሰሙ «እናቶች ቢመጡስ?» ብለውኝ ነበር። እናቶችም መጥተዋል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ደግሞስ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረስ ስማቸው የሚጠራ ሰው ስለ ፈረስ ቢያወራ ምን ነውር አለው?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በኮምፒውተር እየገመቱ በፈረስ ውርርድ ብር ያገኙት ሰዎች ማን እንደሚቀድም አያውቁም ነበር። የሚያውቁት የትኛው ፈረስ በርካሽ እንደሚሸጥ፣ ማለትም ሕዝቡ የየትኛውን ፈረስ ዕድል አሳንሶ እንደገመተ ነው።

በሂሳብ እንየው። ሆንግ ኮንግ ላይ ተወራራጁ ሁሉ ብሩን አንድ ቋት ውስጥ ይከታል። አጫዋቹ ድርሻውን ያነሳል፤ የቀረውን አሸናፊውን ፈረስ የያዙት ይካፈሉታል። ቋቱ 100,000 ብር፣ ተቆራጩ 17.5 በመቶ ነው እንበል። 82,500 ይቀራል። ዳማ በምንለው አንድ ፈረስ ላይ 20,000 ብር ተይዟል። ዳማው ካሸነፈ አንድ ብር 4 ብር ከ12 ሳንቲም ገደማ ይመልሳል። ሕዝቡ ለዳማው 20 በመቶ ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። ሕዝቡ ልክ ከሆነ በየብሩ በአማካይ 17 ሳንቲም ተኩል ትከስራላችሁ። ላለመክሰር ብቻ የዳማው እውነተኛ ዕድል ከ24 በመቶ ማለፍ አለበት። ፕሮግራማችሁ 28 በመቶ ካለና ልክ ከሆነ፣ በብር 15 ሳንቲም ተኩል ታተርፋላችሁ። ልብ በሉ፤ ያም ሆኖ ዳማው ከ100 ሩጫ 72ቱን ይሸነፋል።

ታዲያ ይህ 28 ከየት ይመጣል? በ1986 እ.ኤ.አ. ሩት ቦልተንና ራንዳል ቻፕማን የሚባሉ ተመራማሪዎች መንገዱን አሳዩ። ለእያንዳንዱ ፈረስ ካለፈው ውጤቱ፣ ከሚሸከመው ክብደት፣ ከጋላቢው አንድ ነጥብ ይወጣለታል። ከዚያ ነጥቦቹ የሁሉም ድምር 100 በመቶ ወደሚሆን ዕድል ይለወጣሉ። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ፈረስ ብቻውን ጎበዝ ወይም ሰነፍ አይባልም፤ ዛሬ ከእነማን ጋር ይሮጣል ነው ጥያቄው።

ይህን ይዞ በተግባር የገባው አሜሪካዊው ተወራራጅ ቢል ቤንተር ነው። ሆንግ ኮንግን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ የሚሮጡት በአብዛኛው ያው ፈረሶች ናቸው፣ ሜዳዎቹ ሁለት ናቸው፣ መዝገቡ ንጹሕ ነው፣ ቋቱም ትልቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሰረ። በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ አሠራሩ በጻፈው ጽሑፍ የማደንቅለት ነገር አለ። የራሱ ሞዴል፣ ማለትም ዕድሉን የሚያሰላው ቀመር፣ ብቻውን እንደማይበቃ ተናገረ፤ ግምቱን ሕዝቡ በውርርዱ ከሰጠው ዕድል ጋር ቀላቀለው። እውነቱን ነው። ፈረሱ ጠዋት ሲያስል የሰማ ሰው አለ፤ ኮምፒውተሩ አልሰማም።

ስንት ብር ይያዝ ለሚለውም ተመራማሪው ጆን ኬሊ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር አለ። 10,000 ብር ቢኖራችሁ ለዳማችን 5 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 500 ብር ይላል። ጠንቃቆቹ ከዚያም ያነሰ ይይዛሉ።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ቴሌግራም ላይ የፈረስ መተንበያ እየሸጡላችሁ ነው አይደል? ስክሪን ላይ ለሚሮጡት የኮምፒውተር ፈረሶች! እነዚያ ፈረሶች ሳንባ የላቸውም፣ ጋላቢ የላቸውም፣ ትናንት የላቸውም። ውጤቱን የሚያወጣው የዘፈቀደ ቁጥር ነው። «ቀዩ ሦስቴ አሸንፏል፣ አሁን የሰማያዊው ተራ ነው» የሚባል ነገር የለም። ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው። ቢሠራ ኖሮ ሰውየው በ500 ብር ይሸጥላችሁ ነበር? ዝም ብሎ አይበላም?

ሞዴል መሥራት ለምትማሩት አንድ የቴክኒክ ነገር ልጨምር። የውድድር መዝገባችሁን በቀን ቅደም ተከተል ለሁለት ክፈሉት፤ በአሮጌው አሠልጥናችሁ በአዲሱ ሞክሩ። «ፈረሱ በዓመቱ ያመጣው አማካይ ውጤት» የሚል ዓምድ ካስገባችሁ ደግሞ የምትገምቱት ሩጫ ራሱ ውስጡ አለ። ፕሮግራሙ መልሱን እያየ እንደሚፈተን ተማሪ ይሆናል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ትነግሣላችሁ፤ ሜዳ ላይ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል። የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይከበራል፤ ለእኛ ቅርብ ነው። ሽማግሌዎቹን ፈቃድ ጠይቃችሁ የፈረሱን ዕድሜ፣ መልኩን፣ የጋለበበትን ርቀትና ሰዓት በስልክ የሚመዘግብ ቀላል ነገር ሥሩ። ውርርድ የለበትም፤ እናቶችም አይቆጡም። ኮዱን አብሬያችሁ እጽፋለሁ። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ከንግግሩ በኋላ ቅሩ፤ ዛሬውኑ ፎርሙን እናውጣ።