ካራይ ወይስ ትሱራይ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አንዲት ፊደል ላውራችሁ። ካንጂ ናት፤ ጃፓኖች ከቻይና የወሰዱት ፊደል።

ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ስኖር ጎረቤቴ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ዶሮ ወጥ አቅምሻቸው በጣም ስለወደዱት በርበሬ በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ ሰጠኋቸው። ከሳምንት በኋላ በስልክ መልእክት ላኩልኝ። አጭር ናት። "በየቀኑ" ትላለች፣ ከዚያ ያቺ ፊደል፣ መጨረሻ ላይ "ነው"።

ፊደሏን አውቃታለሁ። ከላይ "መቆም" የሚለው ምልክት አለ፣ ከሥሩ "አስር" የሚለው መስቀል። ራመን፣ የጃፓኖቹ የኑድል ሾርባ፣ የሚሸጥበት ቤት ሜኑ ላይ ሁሌ አያታለሁ። ካራይ፤ ያቃጥላል ማለት ነው። ደስ አለኝ። በየቀኑ በርበሬዬን እየበሉ ነው ማለት ነዋ! "ትንሽ ብቻ ይጨምሩ፣ ቅቤ ያለዝበዋል" ብዬ መለስኩላቸው።

መልስ የለም።

ማታ ደረጃው ላይ ልጃቸውን አገኘኋት። አባቷ ሆስፒታል ከገቡ አምስት ቀናቸው ነው አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ያቺው ፊደል ትሱራይ ተብላም ትነበባለች። ከበደኝ፣ አልቻልኩም ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ከካንጂው ቀጥላ የምትመጣው ሂራጋና፣ ድምፅ ብቻ የምትይዘው የጃፓን ፊደል፣ ንባቡን ትጠቁማለች። እዚህ ግን ሁለቱም በ"ኢ" ነው የሚያልቁት። ስልኩም አይረዳም። እሳቸው "ትሱራይ" ብለው በድምፁ ሲጽፉ ስልኩ ወደ ካንጂ ቀየረው፣ ድምፁ እሳቸው ጋ ቀረ።

በፈረንጆቹ 2010 የወጣው የመንግሥት ዝርዝር ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ 2136 ካንጂ ይዟል። ቁጥሩ አላስፈራኝም። የሚከብደው አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ መያዙ ነው። እሑድን ውሰዱ፤ ኒቺዮቢ። በሦስት ካንጂ ይጻፋል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ናቸው። ፊት ላይ ኒቺ፣ ኋላ ላይ ቢ። ኒቺ ከቻይና የመጣው ንባብ ነው፣ ቢ የአገሬው።

እኛም እኮ አለን። "ገና ነው" ብሎ የጻፈላችሁ ሰው በዓሉን ነው ወይስ አልደረሰም እያለ ነው? ይጥበቅ ይላላ ፊደላችን አያሳይም። እናቴ ስትጽፍልኝ ግን ተሳስቼ አላውቅም። ወሩን አውቃለሁ፣ ቤቱን አውቃለሁ። የጎረቤቴን ቤት ግን አላውቀውም ነበር። አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን።

ያኑ ማታ በራቸውን አንኳኳሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። አስገብተው ሻይ ቀዱልኝ። በርበሬው መደርደሪያው ላይ፣ እንደቋጠርኩት ተቀምጧል።